አራተኛው መስኮት

እሑድ፣ ኖቬምበር 2። ከሥራ መልስ።

ፈተና ሦስትን ጨረስኩ። ከ30 ጥያቄ 27። ዓርብ 24 አግኝቼ ነበር። ጠያቂዋ እኔ፣ ተፈታኟ እኔ፣ አራሚዋ እኔ። ቀይ እስክሪብቶ የለኝም፤ በእርሳስ ነው የማርመው።

ደብተሬ፣ አንቺን ከአውቶቡስ ጣቢያው ሱቅ የገዛሁሽ መልስ ልጽፍብሽ ነበር። አሁን ወሬ እጽፍብሻለሁ። ሌላ የሚሰማኝ የለም።

ነገሩ ይህ ነው። በማጸዳው መ/ቤት አራተኛው መስኮት ከፋሲካ ወዲህ ባዶ ነው። ወንበሩ አለ፣ ሰው የለም። አማርኛና ዕብራይስጥ የሚችል ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያው ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። ሚክራዝ ይሉታል፤ ለቦታው መወዳደር ነው። ፈተናው ስለ አገር አስተዳደር፦ ክኔሴት የሚሉት ፓርላማ፣ መንግሥት፣ ፍርድ ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት። ማለፊያው ከ30 21። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። «የመ/ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ መፈተን ይችላል» ይላል። ሁሉ ይላል። ከጽዳት በቀር አይልም። አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ ግድግዳ የምወለውል መስዬ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከሚጣል ካርቶን ውስጥ ነው። ዳሊያ፣ የሁለተኛው መስኮት ፓኪዳ፣ ጸሐፊዋ ማለት ነው፣ ስሜን አሳጥራ «ያልጋ፣ ይኼን ወደ ቆሻሻ» አለችኝ። አርባ የሚሆን አንድ ዓይነት መጽሐፍ። በእያንዳንዱ አሥር የልምምድ ፈተና፣ መልሱ ከኋላ። አንዱን ጉያዬ ከተትኩት። እነሱ የጣሉትን ማንሣት ለምጃለሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5። ጥዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ከሰፈሬ ከኪርያት ኖርዳው ተነሥቼ ጣቢያው እስክደርስ ግማሽ ፈተና ይሸፈናል። ድምፅ አላሰማም፤ ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀሳል። በ38 ዓመቱ ፊደል የቆጠረ ሰው ከንፈሩ ዝም አይልለትም። አንዲት ልጅ አይታኝ ጓደኛዋን ጎነተለች። ጎንትያት።

ፊደል የያዝኩት መሠረተ ትምህርት ወደ አገራችን ሲመጣ ነው፣ ጎንደር እያለሁ። ባሌ ያኔ፣ «ፊደል ቆጥራ ልትዳኘን ነው» እያለ ጎረቤት ያስቅብኝ ነበር። አሁን አሽዶድ ነው፣ ከሌላ ሚስት ጋር። ደብዳቤ ሲመጣለት እስካሁን ሰው ለምኖ ያስነብባል አሉ። ይበለው።

የመልሶቹን ፊደል በዜማ ነው የያዝኩት። ፈተና አንድ፦ ጊሜል፣ አሌፍ፣ አሌፍ፣ ዳሌት፣ ቤት። ስፖንጃ ሳደርግ፣ ወለሉን ውኃ ደፍቼ ስጠርግ፣ ከእጄ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዳሊያ ሰማችኝና ጸሎት መሰላት። ለእኔም ጸልዪልኝ አለች። እሺ አልኳት።

ጭንቅላቴ አይታማም። በአገሬ ሰው ልጁን ሊድር ሲል እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ ይዛመዳሉ አይዛመዱም እላለሁ። ሽማግሌ አፌን ይጠብቅ ነበር። እዚህ ማን ይጠይቀኛል። ልጆቹ ፌርማታ ላይ ይተዋወቁና በሳምንቱ ቀለበት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7። ሰንበት ሳይገባ።

ሩት ደወለች። ልጄ ናት፤ ያለችኝ እሷ ብቻ። ቤር ሸቫ ትኖራለች። ሦስት ደቂቃ። ደህና ነሽ፣ በልተሻል፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል፣ ቸኩያለሁ። አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክማትና በዕብራይስጥ ትጨርሰዋለች። ስለ ፈተናው ልነግራት አፌን ስከፍት «ሻባት ሻሎም፣ ኢማ» አለች፤ መልካም ሰንበት፣ እማዬ ማለቷ ነው። ዘጋች።

ፈተና አሥር፦ 30 ከ30! ብቻዬን አጨበጨብኩ። ድምፁ ለባዶ ቤት በዛ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13። ከሰዓት በኋላ።

ውርደት።

ላሪሳ ከታች ፎቅ ናት፤ ከሩሲያ የመጣች። በአገሯ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ እዚህ የሰው አሮጊት ታጥባለች። ዕብራይስጧ ከእኔ ይብሳል፣ ስለዚህ እንግባባለን። ሽንኩርት ልትበደር ወጥታ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አየች። ልጠይቅሽ አለች። ደረቴን ነፍቼ ጠይቂ አልኩ።

ተንኮለኛ ናት። መልሶቹን አቀያይራ ነው የምታነበው። ሕግ የሚያወጣው ማን ነው? ጊሜል፣ አልኩ። ጊሜል ማለት ምንድን ነው? ጊሜል ጊሜል ነው አልኩ፣ ተቆጥቼ። በእሷ አቆጣጠር ጊሜል ፖሊስ ሆኖ ተገኘ።

ከ30 ዘጠኝ።

«አንቺ በቀቀን ነሽ» አለችኝ፤ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ እያራገበች።

«አንቺስ? ሽንኩርት እንኳ የሌለሽ!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሽንኩርቷን ሰጥቼ ሸኘኋት። ከዚያ መጽሐፉን ወረወርኩት፤ ካልጋ ሥር ገባ። ተንበርክኬ በመጥረጊያ ስቤ አወጣሁት። እዚህም መጥረጊያ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16።

ላሪሳ መጣች፣ ሳልጠራት። ሽንኩርት መለሰች፣ አንድ ወስዳ ሁለት። አስተማሪነቷ ተነሥቶባታል፤ ዓይኗ በርቷል። ሕግ አወጣችልኝ፦ መልሱን በእጅሽ ሸፍኚ። ጥያቄውን አንብቢ። ከኑሮሽ ምሳሌ ስጪኝ። ምሳሌ ካጣሽ አልገባሽም።

ጥ. 22፦ ባለጉዳይ ስጦታ ቢያመጣለት የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያደርጋል? አይቀበልም፤ ለአለቃው ያሳውቃል። ምሳሌ? የዳሊያ ቅርጫት ሁልጊዜ የቸኮሌት ወረቀት ሞልቶ ነው፣ የምደፋው እኔ ነኝ አልኩ። ላሪሳን ሻዩ ትን አላት።

ጥ. 9፦ የመ/ቤቶችን ሥራ የሚመረምር፣ የሕዝብንም አቤቱታ የሚሰማ ማን ነው? የመንግሥት ተቆጣጣሪ። ምሳሌ የለኝም አልኩ። አቤት ብዬ አላውቅም።

አምስት ዓመት መወልወያ በእጄ ይዤ ለሽማግሌዎቻችን አስተርጉሜያለሁ። ዳሊያ ከመስኮቷ ትጠራኛለች፦ «ያልጋ፣ ነዪ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ይላል?» ጡረታው እንደቀረበት ይላል። ሚስቱ እንደሞተች ይላል። ስጨርስ ታመሰግነኛለች፦ «ቶዳ ያልጋ። ኮሪደሩ እርጥብ ነው፣ ሰው ይወድቃል።» በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ለዚሁ ሥራ ደመወዝ ይቀበላል። እኔ ለማን አቤት አልኩ? ለአንቺ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18።

ጥ. 14፦ ጠ/ሚ እንዴት ይመረጣል? መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ፕሬዚዳንቱ ከክኔሴት አባላት አንዱን ጠርቶ መንግሥት መሥርት ይለዋል። ይህን ጥያቄ ሃያ ጊዜ አልፌዋለሁ፣ ዳሌት እያልኩ። ዛሬ ምሳሌ ፈለግሁለት።

አምና በምርጫው ቀን ት/ቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። በእጄ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ለፓርቲ፣ አንዱ ለጠ/ሚ። ሁለት! ላለማሳሳት ቀኝና ግራ ለይቼ ያዝኳቸው። ስለዚህ ጠ/ሚሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፕሬዚዳንት እዚያ አልነበረም።

ራሴን ጠረጠርኩ። ፊደል ዘግይቶ የያዘ ሰው የታተመ ነገር ይፈራል። ታትሞ እንዴት ይዋሻል? ወደ ላሪሳ ወረድኩ። መጽሐፉን ገልብጣ የኋላ ልባሱን አየች። ጥግ ላይ፣ በጉንዳን ጽሑፍ፣ የታተመበት ዓመት። ሰባት ዓመት ያለፈው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል አለች።

ለዚህ ነው የጣሉት። አርባ መጽሐፍ ማን በከንቱ ይጥላል? ለእኔ ወርቅ መሰለኝ።

አሁን የትኛው መልስ ሞቷል፣ የትኛው በሕይወት አለ? አላውቅም። አዲሱ መጽሐፍ በዳሊያ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስታስገባው አይቻለሁ። ለማግኘት መጠየቅ አለብኝ። ከጠየቅሁ ለምን ትለኛለች።

ላሪሳ ግን በደስታ ትከሻዬን መታችኝ። መጽሐፉን ያረምሽው አንቺ ነሽ፣ በቀቀን ይኼን አያደርግም አለች። አልተጽናናሁም። ትንሽ ተጽናናሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24።

ዳሊያን ጠየቅኋት። ሦስት ቀን ያንኑ መሳቢያ ፊት ለፊቱን ስወለውል ከርሜ።

ለልጅሽ ነው? አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

አዎ፣ ለልጄ አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም።

ደስ አላት። መሳቢያዋን ራሷ ከፈተች። ጎበዝ፣ ወጣቶቻችሁ እንዲህ ይነሡ አለች። ቅጹንም አወጣችልኝ። ትሙላውና እስከ እሑድ እዚሁ ለእኔ ትስጠኝ፤ እሑድ የመጨረሻ ቀን ነው። እጄን ሳመች ማለት ይቀራል። ለእኔ እንዲህ ሳቅ ብላ አታውቅም። ሳቁ ለሩት ነበር።

ልጄን ነጠላ አደረግኋት፤ ተከናነብኳት። እሷ በአማርኛ ስሟን እንኳ አትጽፍም።

ላሪሳ ዛሬ ሃይፋ ሄደች። የልጇ ሚስት ወልዳለች። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅሁም፣ አልነገረችኝም። ቁልፏን ሰጠችኝ፤ አበቦቼን አጠጪ። ደረጃው ላይ ሻንጣዋን ይዤላት ወረድኩ። ምሳሌ፣ ምሳሌ እንዳትረሺ እያለች ታክሲ ገባች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27። ስግድ።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዓላችንን በጾምና በጸሎት ሊያከብር ኢየሩሳሌም ሄዷል። አውቶቡሶቹ ማለዳ ነው የተነሡት። ጎረቤቴ ነጭ ለብሳ ከታች ጠራችኝ፦ «እቴ ያልጋ! አትመጭም? ቦታ ይዘንልሻል!» ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ውሸት፣ ያውም በጾም ቀን።

የሥራ ፈቃድ ለስግድ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ቀረሁ። ሕንጻው ጭር ብሏል። የቧንቧ ጠብታ ይሰማል። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ዛሬ ካላለፍኩ ቅጹን እቀደዋለሁ።

አዲሱ መጽሐፍ፣ ፈተና አንድ። መልሱን ሸፍኜ። ያለ ዜማ። ለእያንዳንዱ ምሳሌ እየፈለግሁ። አንዳንዱ ላይ ምሳሌው ሕዝባችን መሐል ነው፣ አንዳንዱ ላይ ባሌ። ከንቲባ በጀቱን ብቻውን ይወስናል? አይወስንም፤ ባሌ ይወስን ነበር፣ ምን ላይ እንደደረስን አይተናል።

22 ከ30።

አላጨበጨብኩም። ሁለቴ ቆጠርኩ። 22። ይህኛው የራሴ ነው።

የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ማንም የለም። ላሪሳ ቤት ወርጄ አበቦቿን አጠጣሁና ለእነሱ ነገርኳቸው። እብደት ሲጀምር እንዲህ ይሆን?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28። ሰንበት ሳይገባ።

ሩት ደወለች። በልተሻል ሳትለኝ ነገርኳት። ሁሉን፣ ባንድ ትንፋሽ። የእሷን ስም መዋሴን ጭምር።

እሷ ግን፦ «ኢማ፣ ብትወድቂስ? ስም ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሰው ሁሉ ያያል።» ቀጥላ በዕብራይስጥ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ ለምን ራሷን ታዋርዳለች አለች። ዕብራይስጥ እንደሚገባኝ ትረሳለች።

አጎንብሼ የሰው ጫማ ኮቴ ስፈትግ፣ አንቺን በዚያ ሳስተምር፣ ያ ውርደት አልነበረም? አላልኳትም። ስልኩን ዘጋሁት። ቀድሜ የዘጋሁት የመጀመሪያዬ ነው። ዘግቼ ፈራሁ። ሻማ እስካበራ ድረስ ስልኩን እያየሁ ቆየሁ። አልደወለችም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 30። ማለዳ 11 ሰ.

ቅጹ ፊቴ ነው። ብተወው ማንም አያውቅም። ዳሊያ የያልጋ ልጅ ሰነፈች ትላለች፣ በቃ። ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ሥሩን እኔ እጠርጋለሁ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ።

ስም የሚለው ላይ ጻፍኩ። ያልጋነሽ። ዕድሜ፦ 52፣ ወረቀቱ የሚለው፤ እኔ 56 ሳልሆን አልቀርም። የአሁን ሥራ፦ ጽዳት። ትምህርት፦ መሠረተ ትምህርት፣ ኡልፓን፣ ያው የዕብራይስጥ ት/ቤቱ። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል።

ወስኛለሁ። እንደ ወትሮው በኋላ በር ገብቼ ወለሉን አጥባለሁ። ሥራዋን ጥላ ሄደች አይሉኝም። ከዚያ ልብሴን እቀይራለሁ። በኋላ በር እወጣለሁ፣ ዞሬ በፊት በር እገባለሁ። እንደ ሰው ተራ ቁጥር እወስዳለሁ። ዳሊያ ቁጥሬን ትጥራ።

ያው እሑድ። ጥዋት 2 ሰ. ከ20።

ቁጥሬ 17። የባለጉዳይ ወንበር ላይ ነኝ። አምስት ዓመት ጠርጌዋለሁ፣ ተቀምጬበት አላውቅም። ይቆረቁራል። ሻርፔን ቀይሬያለሁ፤ ዳሊያ ሁለት ጊዜ በላዬ አየች፣ እኔን አላየችም። 14 ተጠራ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ደብዳቤያቸውን እያገላበጡ ነው። «እቴ፣ ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ተቀምጬ። 15።

በሩ ላይ አንድ ሰው የብርቱካን ልጣጭ ጣለ። ተነሣሁ። መልሼ ተቀመጥኩ። ልጣጩ እዚያው ነው። ሰው ይረግጠዋል። ይርገጠው። 16።

ቅጹ በእጄ ላብ ረጥቧል። ስሜ ግን አልደበዘዘም። ዳሊያ መነጽሯን አስተካከለች፣ ወደ ሰሌዳው ቀና አለች።

17