አባቷን ልጠይቅ አልኳቸው

ይድረስ ለአንተ፣ ለብርቄ አባት፣ ለአዱዬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ብዕር አላነሣሁልህም። ዛሬ ያነሣሁት ናፍቆቱ ስለባሰብኝ ብቻ አይደለም፣ ስለጨነቀኝ ነው። ለእሑድ መልስ ይፈልጋሉ፤ ዛሬ ዓርብ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ገዳሪፍ አንተ የምታውቃት አይደለችም። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈለሰው ሰው ሞልቷት የቤት ኪራይ አይቀመስም። በመተማ በኩል ወደ አገር እንዳንገባ ወዲያም ተኩስ አለ። ስለዚህ እኔና ብርቄ እዚያችው ቤታችን ነን። እኔ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለሁ፣ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስትቆጣ በዐረብኛ ነው፣ ስትለምነኝ በአማርኛ። ቁመናዋ የአንተ፣ ግትርነቷም የአንተ፤ እኔ ምኗን እንደወለድኩ እንጃ።

ሕንዱን ታስታውሰዋለህ? ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ሰሊጥ ሊገዙ ለሚመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ምግብ ቤት የከፈተውን? አዝመራው የቀናህ ዓመት፣ ዛሬስ እንደ ሰው ከቤት ውጭ እንብላ ብለህ ወሰድከኝ። ሥጋውን ማን እንደባረከው ሳታጣራ እንደማትቀመጥ አውቅ ነበር፤ በሙስሊም እጅ የታረደ አልበላም ብለህ በዚህ አገር ስንት ዓመት ሥጋ ያለፈህ ሰው ነህ። በተሰባበረ ዐረብኛህ ብትጠይቀው፣ እዚህ ቤት ሥጋ የሚባል አይገባም፣ እኔም ከተወለድኩ ቀምሼ አላውቅም አለህ። አንተ ሆዬ ክው አልክ። ዕድሜ ልኩን የጾመ ሰው መነኩሴ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብለህ፣ ሰውየው ሳህን ይዞ በመጣ ቁጥር ከወንበርህ ብድግ ትል ጀመር። እሱም ግራ ገብቶት አብሮህ ይጎነበስ ነበር። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ምኑን እንደበላሁት አላውቅም።

ባለፈው ረቡዕ ብርቄ የወሰደችኝ እዚያው ቤት ነው። ኢድሪስ የሚባል ልጅ አለ፤ የባለሱቁ የሐጂ ኑሩ ልጅ። ሐጂን ታውቃቸዋለህ፣ የእኛው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ለቅሶህ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልተለዩም። ልጃቸውና ልጅህ ተዋደዱ። ዓመት ሙሉ ደብቃኝ ኖራ አሁን ነገረችኝ። ቤተሰብ ይተዋወቅ ሲባል ደግሞ የት ይበላል? እነሱ የእኛን ሥጋ አይበሉ፣ እኛም የእነሱን። የሕንዱን ቤት ያሰበችው ራሷ ብርቄ ናት፤ እማ፣ እሱ ቤት የሚታረድ የለም፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ሁላችንም እኩል ነን አለችኝ።

ረክሻው ላይ ተሳፍሬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። ሰው ቢያየኝስ? የንስሐ አባቴ ቢሰሙስ? ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። ሥጋ ባይኖርም ሕንዱ ያለ ቅቤ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ጾም ነው ብዬ እጄን ብሰበስብ የናቅኋቸው ይመስላል፤ ብበላ ጾሜን ልሽር ነው። ምስሩና ድንቹ ቀርቦ፣ እንደ ቂጣ የሳሳው ዳቦ እየተቆረሰ፣ እኔ ውኃ ብቻ እጠጣለሁ። የኢድሪስ እናት ሐሊማ አየችኝና ጠጋ ብላ፣ እቴ ብዪ እንጂ፣ ረቡዕ መሆኑን አውቄ ጠዋት መጥቼ በዘይት ብቻ እንዲሠራ ነግሬዋለሁ፣ ድስቱንም ቆሜ አሳጥቤዋለሁ አለችኝ። ምን ልበልህ፣ አንጀቴን በላችው። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እንባዬ ሳህኑ ላይ እንዳይወድቅ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ ሐጂ ልጅሽን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ማተቧን ማንም አይነካባትም፣ በሃይማኖቷ ትኑር አሉ። ስለሚወለዱት ልጆች ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ እሳቸውም አልዋሹኝም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሲጠብቁ አፌ ያመጣልኝ፣ አባቷን ልጠይቅ የሚል ነው። እንግዲህ በአገራችን ሽማግሌ የሚጠይቀው አባትን አይደል? ብርቄ አንድ ነገር በፈለገች ቁጥርም አባትሽን ጠይቂ ስል ኖሬ ምላሴ ለምዶታል። ብርቄ አንገቷን ደፋች። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ እውነትሽን ነው፣ ጠይቂው፣ እሑድ እንመጣለን አሉኝ።

ይኸው ጠየቅሁህ። የሚያስፈራኝንም ሳልሸሽግ ልንገርህ። ልጄ ትርቀኛለች ብዬ አይደለም፣ የሐጂ ቤት ሦስት መንገድ ቢያልፍ ነው። የሚያስፈራኝ የአንተ ነገር ነው። ሙት ዓመትህን የማስበው፣ በቅዳሴ ስምህን የማስጠራው እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ ብርቄ አለች። ከብርቄ በኋላ ግን ማን አለህ? ሥጋቸውን ያልቀመስክ ሰው፣ ልጅህን እሺ ብለህ ትሰጣለህ ወይ? እምቢ ብልስ? ግትር ናት፤ አንድ ቀን ጠዋት ብነሣ አልጋዋ ባዶ ሊሆን ነው። በዚህ ዘመን ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ የት ትደርሳለች?

ብርቄ ለምናህ እምቢ ያልክበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከልካይዋ እኔ፣ እሺ ባዩ አንተ ነበርክ። ይህንንም እሺ ትላት እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ የማውቅ መስሎኝ ስንት ነገር ሳልጠይቅህ ቀረሁ።

እሑድ ሲመጡ፣ አባቷ እሺ ብሏል እላቸዋለሁ። ብለህ ከሆነ እሰየው፤ ካላልክ በስምህ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ስመጣ ትወቅሰኛለህ። እስከዚያው በእግሬ መቆም እስከቻልኩ ድረስ ስምህ ከቅዳሴ አይቀርም። ብርቄንም አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገባታለሁ፤ ልጆቿ በየትም ይጸልዩ በየት፣ አያታችሁ አዳነ ይባል ነበር ብላ እንድትነግራቸው። በጸሎት ባይጠሩህ እንኳ በጨዋታ ይጥሩህ። እኔ በሁለቱም እጠራሃለሁ።

ያንተው ፈንታዬ