ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ዝምታ

ለምትናፍቀን ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ወንበርህ ባዶ ከመሆኑ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ጊታሩን ገፍቼበታለሁ። አባባ አንተን ባስተማሩህ መንገድ ነው የሚያስተምሩኝ፤ እሳቸው አንድ ዜማ ይጫወታሉ፣ እኔ ሰምቼ ቁርጥ እሱን የሚመስል አዲስ ዜማ እደርሳለሁ። «መጀመሪያ ቅጂ፤ የራስሽ ኋላ ይመጣል» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ለእማማ የደረሷትን ያችን የድሮ ዜማ ተጫወቱልኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድንገት ዝም ትልና ትቀጥላለች። ደስ ስላለኝ የኔም ዜማ ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ዝምታ አስገባሁ።

ስጫወትላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይቺን ከየት አመጣሻት?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ነዋ፣ አባባ!»

ምላሴን በቆረጠው! ጊታሩን ሰቅለው ወጡ። በኋላ ያችን ዜማ የጻፉበትን የድሮ ኖታቸውን ሳገላብጥ፣ እዚያ ቦታ ላይ ዝምታ የለም፤ በትንሿ ጣት የሚያዙ ሁለት ድምፆች አሉ።

አባባ አሁን ሻይ በሁለት እጃቸው ነው የሚጠጡት። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እማማ ናት የምትቆልፍላቸው፤ «ብርዱ ነው» ትላለች፣ በዚህ ሙቀት! እኔም ትንሿ ጣት የማትገባባቸውን ዜማዎች ብቻ እደርሳለሁ። ትናንት አንዱን ከዳር እስከ ዳር ተጫውተው «አሁን ገባሽ!» አሉኝ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ስትሄድ አባባ ሲጫወቱ የቀዳኸውን የእማማን ዜማ ካሴት እልካለሁ ያልከውን፣ እባክህ ተወው። ለሚጠይቀን ሁሉ ዜማዋ ከድሮም እንዲህ ነበረች እንላለን። አንተም እንደዚያው በል።

ዓይንህን ቶሎ ያሳየን።

ታናሽ እህትህ