ሻምበል እንቁላል ጣለች

ይድረስ ለሙሌ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔም እንደዚያ ልጀምር አልሁና ተውሁት። በቁምህ ስጠይቅህም መልስህ ያው ደህና ነኝ ነበር። ደህና ነኝ እንዳልህ ነሐሴ ላይ ሄድህ፤ ይኸው ኅዳርም ሊያልቅ ነው። ሩዙ እየታጨደ ነው። ወፍጮህን አሁን ሌላ ሰው ያስነሳዋል፤ ብናኙ ግን እንደ ወትሮው ገመድ ላይ ባሰጣሁት ልብስ ላይ ያርፋል። ጥቁር ልብስ ደግሞ ብናኝ አይደብቅም።

የምጽፍልህ ስለ ወፍጮው አይደለም፣ ስለ ሻምበል ነው። ኤሊህ እንቁላል ጣለ። ማለቴ፣ ጣለች።

እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ ሻምበል ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። አንድ የመተማ መንገድ ሾፌር ከቆላ አምጥቶ ሰጠኝ አልኸኝ። ጀርባው የወታደር ቆብ ይመስላል ብለህ ሻምበል አልኸው። ወንድ ነው አልህ፤ ማን ይከራከርሃል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ኤሊ ይህን ግቢ ረግጦት አያውቅም። ልጃችን የኔነሽ ጀርባው ላይ እየተቀመጠች አደገች፣ ተዳረች፣ አዲስ ዘመን ከተማ ገባች፤ እሱ ከዘይቱኑ ሥር ንቅንቅ አላለም። አንተም ከወፍጮ ቤት ስትመለስ እግርህ ከኔ በፊት ወደ እሱ ነበር የሚሄደው። ድንጋይህ ላይ ቁጭ ትልና ጎመን እየቆረጥህ ታንሾካሽክለታለህ። ምንድን ነው የምትለው ብዬ ስጠይቅህ፣ ምስጢር የሚጠብቅልኝ እሱ ብቻ ነው ትለኝና ትስቃለህ። አብሬህ እስቅ ነበር። ቀልድ መስሎኝ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። አስከሬንህ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ እየደበደበ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ሊያጽናናኝ አጠገቤ ቁጭ አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃ አብረን ነበርን፣ ያን ሁሉ ሕመም ችሎ የኖረ ጠንካራ ሰው ነው አለኝ። መቼ ነው አብራችሁ የነበራችሁት ስለው፣ ከየካቲት ጀምሮ ሲመላለስ አልነበረም ወይ አለኝ። የማውቅ መስሎታል ምስኪኑ። ለኔ እኮ ባሕር ዳር የወፍጮ ማዞሪያ ቺንጋ ልገዛ ነበር የምትለኝ። አንድ ወፍጮ በአንድ በጋ ስንት ቺንጋ ይበጥሳል ብዬ እንኳ አልጠረጠርሁህ። ያበጠ ጎንህን ወንዛዬ የገባ ሁሉ አይቶታል። እኔ አብሬህ በአንድ አልጋ እየተኛሁ፣ በጨለማ ልብስህን ስትለውጥ፣ ሲያረጅ ጨዋ ሆነ ብዬ ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ እል ነበር ሙሌ። እሺ ትለኝ ወይ ትቆጣኝ ነበር፤ እኔ ግን እል ነበር። ትድን እንደነበር አላውቅም። ማስታመምን ነው የነሳኸኝ።

እዚያው ላይ እንባዬ ደረቀ። ስትወጣ አላለቀስሁም፣ ደረቴን አልደቃሁም፣ ፊቴን አልነጨሁም። የወረታ ሰው ደግሞ ያያል። ከሁሉም በላይ ታላቅ እህትህ እትዬ ዘውዴ ያያሉ። ከአርባህ በኋላ ሽንኩርቴ መጋዘን ውስጥ እየበሰበሰ ስለሆነ ገበያ ወጣሁ። ይህችማ ዓይኗ የሚያነባው ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ነው ብለው ለዕድሩ ሴቶች ነገሩልኝ። ባሏን ሳትወደው ነው የኖረች ተባልሁ። ይህን ስም ተሸክሜ ነው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት የምመላለሰው።

በዚያው ሰሞን ሻምበል ምግብ ተወ። ጎመን ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ ቲማቲምም አይቀምስም። ዘይቱኑን ለቅቆ ከአጥር አጥር ሲመላለስ ይውላል። ከዚያ ድንጋይህ አጠገብ ይደርስና በኋላ እግሮቹ መሬቱን ይጭራል፤ ይተዋል፤ ዞሮ ይመጣና እንደገና ይጭራል።

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እንስሳው አዘነ፣ ወንድሜን ከመሬት ሊያወጣው ነው የሚቆፍረው አሉ። ወሬው በዕለቱ ገበያውን ዞረ። የዕድሩ ሴቶች መጡ፤ ሱቅ ያላቸው እስላም ጎረቤቶቻችንም ሳይቀሩ እየመጡ አዩት። እሱን ያዩና እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ቀጥለው እኔን ያዩኛል። ኤሊው ጾሟል፣ እኔ በልቻለሁ። ኤሊው ሲቆፍር ውሏል፣ እኔ ስሸጥ ውዬ ገብቻለሁ። በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ፣ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከደጅሽ አትውጪ፣ እምቢ ካልሽ ሻምበልን ለወንድሜ ከሚያዝን ሰው ቤት እወስደዋለሁ አሉኝ። ከሚያዝን ሰው ቤት ማለት እሳቸው ቤት ነው።

ሰው ቢል ምንም አልነበረም። እኔም አመንሁ እንጂ። ምስጢሩን የሰማው እሱ ነው፣ ሕመሙን ያወቀው እሱ ነው፣ ማዘንም የሚያምርበት እሱ ነው አልሁ። በኤሊ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በኤሊ ያስቀናኸኝ አንተ ነህ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ድንጋይህ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ጉድጓዱ ጠልቋል። አንገቱን ሰብስቦ፣ የኋላ እግሮቹን አንፈራጦ ዝም ብሏል። ሞተ ብዬ ክው አልሁ። ልነካው ጎንበስ ስል አንድ ክብ ነጭ ነገር ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ዘንቢሌን እንደያዝሁ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ስትጨርስ አፈሩን በእግሯ መለሰችበት፣ በሆዷ ደለደለችው፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታየው ሄደች። ከዘንቢሌ የወደቀ የጎመን ቅጠል አገኘችና እንደ አራስ ትበላው ጀመር።

ጾምም አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም። ምጥ ነበር።

ለየኔነሽ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። ዶሮስ ያለ አውራ ትጥል የለ፣ አይፈለፈልም እንጂ አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘውዴ የሻምበልን ሐዘን ሊያሳዩ ከይፋግ የመጡ ዘመዶች አስከትለው ገቡ። ማንኪያ ይዤ ወጣሁ፣ አፈሩን ገለጥ አደረግሁ፣ አንዷን እንቁላል አውጥቼ እትዬ ዘውዴ መዳፍ ላይ አስቀመጥሁላቸው። ይኸውላችሁ የቆፈረበት ምክንያት አልሁ። ዘመዶቹ ተያዩ። እትዬ ዘውዴ እንቁላሏን ገለባብጠው አዩና መለሱልኝ። ከዚያ ምን አሉ መሰለህ፣ ሐዘኑ ቢበዛበት ነው አሉ።

ወንድ ሆኖ፣ ከሐዘን ብዛት፣ እንቁላል።

ሳቅሁ። እንደ ጥቁር ለባሽ በነጠላ ተሸፍኜ አይደለም፤ አፌን ከፍቼ ሳቅሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። አሁን በየገበያው ዓመት ሳይሞላው ሳቀችበት ይባላል። ይባል። ሻምበልን ስለመውሰድ ግን ዳግመኛ አላነሱም። የምታዝንላቸው እንጂ የምትወልድ ኤሊ አልፈለጉም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሳቄ አልቆም አለኝ። ቆይቶ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ነሐሴ ላይ ያልወጣው ሁሉ ያን ቀን ወጣ፤ ድንጋይህ ላይ ተቀምጬ፣ ያችን የማትፈለፈል እንቁላል እንደያዝሁ ጮኼ አለቀስሁልህ። ማንም አላየኝም። ሻምበል ብቻ ጎመኗን ትበላ ነበር።

እናም ልንገርህ፣ ያንን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጠህ ሴት መሆኗን አላወቅህም። እሷም አንዲት ቃልህ አልገባቻትም። ቃልህ የሚገባኝ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮት አያችሁ ነበር። እንዲህ ነው ሦስታችን የኖርነው። እህትህ ፍቅር ብለው ለአገር የሚያወሩት ይህንን ነው።

ሙት ዓመትህን አወጣለሁ። ገበያዬንም አልተውም። እንቁላሎቹንም ከነጉድጓዳቸው ትቻቸዋለሁ። ድንጋይህ ላይ አሁን እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ ጎመንም እቆርጥላታለሁ፣ ግን ምንም አልነግራትም።

አልረሳህም። ጠንካራ ሰው ነበር ብለው የሚያነሱህ ያንሱህ፤ እኔ እንደዚያ አላነሳህም። እኔ የማስታውሰው ያን የየካቲት አመሻሽ ነው። ከባሕር ዳር መጣሁ ብለህ ስትገባ ጸጉርህ እርጥብ ነበር። ምን ነካህ አልሁህ። ባሕር ዳር ዘነበ አልኸኝ። የካቲት እኮ ነው ሙሌ፤ በፎገራ ሜዳ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። እኔ ግን አመንሁህ። ጸጉርህን በፎጣ አደረቅሁልህ፣ ብርድ እንዳይመታህ ብዬም ጋቢ ደረብሁልህ።

ባለቤትህ አስናቀች