የቁጥር አሥራ አራት መስኮት እስካሁን ስላለመሰበሩ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ፕሬስተን ሃልሞርድ
የዌልተን አንጥረኞች ቤዝቦል ክለብ ፕሬዚዳንት
ዌልተን፣ አዮዋ

የተከበሩ ሚስተር ሃልሞርድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። ክረምቱን ፍሎሪዳ እንዳሳለፉ ጋዜጣ ላይ ከወጣው ፎቶግራፍዎ ተረድቻለሁ፤ ፀሐዩ በጣም ተስማምቶዎታል። እኛ እዚሁ በረዶ ስንዝቅ ነው የከረምነው፤ ግን በእኛ አይጨነቁ፣ ደኅና ነን።

ሎሬታ ክሩዜክ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ በጡረታ የተገለልኩ ሴት ነኝ። ዘንግተውት ይሆናል እንጂ እርስዎንም ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያመላለስኩዎ እኔው ነበርኩ። የኋላውን ወንበር ይወዱ ነበር። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ግን አንድም ቀን አንብበውት አያውቁም፤ ሁለት ጊዜ በሩ ጃኬትዎን ይዞብዎ ያላቀቅኩዎ እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ለወቀሳ ሳይሆን ለትዝታ ያህል ነው፤ ኋላ ግን ሳይጠቅመን አይቀርም።

አሁን የምኖረው ከባለቤቴ ከኤሚል ጋር በቆዳ ፋብሪካ መንገድ፣ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ከሜዳዎ የቀኝ አጥር ባሻገር፣ መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ከሚያዩዋቸው አሥራ አንድ ቤቶች ሰባተኛው ማለት ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ ለአሥራ አንዳችንም የላኩት ደብዳቤ ደርሶናል። «ከነዋሪ በቀረበ ቅሬታ መሠረት፣ ለመስኮቶቻችሁ ደኅንነት ሲባል» ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት በአጥሩ ላይ ቁመቱ አሥራ አምስት ሜትር የሆነ መረብ እንደሚዘረጋ፣ የመረቡ ምሰሶዎችም በየግቢያችን ስለሚተከሉ የስምምነቱን ወረቀት ፈርመን እንድንመልስ አዘውናል። እኔና ኤሚል እዚህ ቤት ከገባን ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው፤ ክለቡ ስለ እኛ ሲያስብ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ደንግጠን ነበር። ስለ ውለታዎ ከልብ እያመሰገንን፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነጥቦች በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ ዊልኪን አልማንዛር። ባለፈው ነሐሴ ይህን የሃያ ዓመት ልጅ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስላመጡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። በግራ እጁ የሚመታ፣ ሲያዩት ገና ጢሙ ያልጠና፣ ዱላውን ሲያነሳ ግን ወርዋሪዎቹ ላብ በላብ የሚሆኑለት ልጅ ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ኳስ ከአጥሩ በላይ አሻገረ፤ አሥራ አንድ ሆም ረን! ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ የእኛ መንገድ ድረስ መጥተዋል። ኳሷን ሦስቴ ስቶ ወደ ወንበሩ የሚመለስበት ቀን ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ሲስት ራሱ እንዴት እንደሚስት! የፊተኛው ረድፍ ተመልካች የዱላው ነፋስ እንዳይወስድበት ኮፍያውን በእጁ ይይዛል።

እንግዲህ ከተማው ክረምቱን በሙሉ የኖረው በዚህ ልጅ ተስፋ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሮስኮ ቲምኮ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ለመላጨት የገባ ሁሉ ዘንድሮ ዊልኪን ስንት እንደሚያሻግር ግምቱን ይጽፍበታል። አንዱ ሠላሳ ሲል ሌላው አርባ ይላል። የቄሱ ባለቤት ለመላጨት ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሴት ሳሉ ገብተው ሃምሳ ሁለት ብለው ጽፈው፣ ፈርመውበት ወጥተዋል። ሥጋታችን አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ እንደምንመኝለት ከመታ በሰኔ ወር ወደ ትልቁ ሊግ ይወስዱብናል። ሮስኮም ሱቁን በከፈተ ቁጥር «አቤቱ፣ ልጁን አስመታው፣ የላይኞቹን ሰዎች ዓይን ግን ያዝልን!» እያለ ይጸልያል። ስለዚህ ያለን ጊዜ አጭር ነው። እርስዎም ይህችኑ አጭር ጊዜ መርጠው መረብ ይዘውልን መጡ።

በደብዳቤዎ ላይ ኳሷ መረቡን ብትመታም እንደ ሆም ረን ትቆጠራለች ብለው አጽናንተውናል። ልክ ነው፤ ለእርስዎ ትቆጠራለች።

ሁለተኛ፤ ስለ መስኮቶቻችን ደኅንነት። ክቡርነትዎ የመንገዳችንን ልማድ የሚነግርዎ ሰው አላገኙም መሰለኝ። በእኛ መንገድ መስኮቱ በኳስ የተሰበረበት ሰው አይታዘንለትም፤ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። በማግስቱ እሱ መንገዱን በሙሉ ይጋብዛል፤ ኳሷም ቀኗ ተጽፎባት የተሰበረው መስኮት ደፍ ላይ ትቀመጣለች። ቁጥር አሥራ ስድስት የምትኖረው ማቢን ሹልቴ እንዲህ ያሉ ሦስት ኳሶች አሏት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አቧራቸውን በየቀኑ የምትጠርገው እነሱን ብቻ ነው፤ ሌላውን የቤቱን ዕቃ እግዜር ይጠብቀው።

የማቢን ሦስተኛዋን መስኮት የሰበረው ዊልኪን ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። እኔ አጥሬ ሥር አረም እየነቀልኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ማነህ አንተ?» አለችው።

«ትናንት መስኮትዎን የሰበርኩት ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰብር መጣህ?»

«ኧረ ልገጥምልዎ ነው!» ብሎ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን መስታወት አሳያት። «አጎቴ መስታወት ገጣሚ ነው። ሰብሬ ዝም ማለቴን ቢሰማ ቤቱ አያስገባኝም።»

«በል ግባ። በመጀመሪያ ግን ትበላለህ፤ እንዲህ ከስተህ ኳሷን እንዴት እዚህ ድረስ እንዳደረስካትም አይገባኝ።»

ልጁ ሁለት ሳህን የድንች ሰላጣ ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል ከተጋገረ ፓይ ጋር አጣጥሞ፣ መስታወቱን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ገጠመላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ልጅ የእርስዎ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ሊያስቀሩብን ያሰቡት እንግዲህ ይህንን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለቤቴ ስለ ኤሚል። ቁጥር አሥራ ሁለት ተሰብሯል። ቁጥር አሥራ ስድስት እንዳልኩት ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። በመካከላቸው ያለው የእኛው አሥራ አራት ግን በእነዚህ ሠላሳ አንድ ዓመታት ውስጥ ጭረት እንኳ አላገኘውም። ከረድፉ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቤት የእኛ ነው። አንድ ጊዜ ኳሷ ጭስ መውጫችን ላይ አርፋ፣ ኤሚል እጆቹን ዘርግቶ ሲሮጥ፣ በጣሪያው ተንከባልላ ማቢን ግቢ ገባች። ማቢን እስከ ዛሬ አልማረችውም፤ «ኤሚልዬ፣ ኳሷ እኮ አንተን ስታይ ነው የምትታጠፈው!» ትለዋለች። እሱም «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!» ብሎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል።

ባለፈው ኅዳር የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ሄደን ነበር። ከመጪው መስከረም ወዲያ ኤሚል ብርሃንና ጨለማ ብቻ መለየት እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ግን ተስፋ እንደሌለው ነገሩን። በመኪና እየተመለስን ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ወር አለኝ፣ ሎሬታ። ከዚያ ልጁን ይወስዱታል። ኳሷ ስትሰብር የምታሰማውን ድምፅ ማንም ይሰማል፤ እኔ የምፈልገው ስትመጣ ማየት ነው።» ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ መሪ ይዤ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩ። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን መረቡ ለማን ደኅንነት እንደሚዘረጋ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ቅሬታው። ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት አሥራ አንዳችንም ማቢን ቤት ተሰብስበን «ይህን ጉድ የጻፈ ማነው?» ተባባልን። ሁሉም እኔ አይደለሁም ብሎ ማለ። ቁጥር ሃያ ሁለት አዲስ የገቡት ባልና ሚስት ስለሆኑ ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ አረፈ፤ ምስኪኖች ለአንድ ሳምንት ሰላም የሚላቸው ጠፋ። በመጨረሻ እኔው ራሴ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ ትሑት ልጅ ናት፤ ፋይሉን አውጥታ አሳየችኝ።

ባለፈው መስከረም በመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ሰዎችዎ በሩ ላይ ከነጻ እርሳስ ጋር ያደሉት የቅሬታ ቅጽ ነው። «የቅሬታው ዓይነት» ከሚለው ሥር «መስኮት» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። «ዝርዝር» ከሚለው ሥር ደግሞ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ። የግራ ጎረቤቴም የቀኝ ጎረቤቴም ተሰብሮላቸዋል፤ የእኔ አንድም ቀን አልተሰበረም። ይህ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው። ልጁ ከአሥራ ስድስት ቁጥር ትንሽ መለስ እንዲልልኝ ይነገርልኝ። በአክብሮት፣ ኤሚል ክሩዜክ።»

ቢሮዎ እንግዲህ ሳጥኑን አይቶ መረብ አዘዘ።

ቤት ገብቼ ስነግረው ኤሚል መጀመሪያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና «ታዲያ መረቡን ያመጣሁብን እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። ሚስተር ሃልሞርድ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀበትን ፊት አይተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንኩ ነበር። የቁጥር ሃያ ሁለቶቹን ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ እነሱም አሁን ሰሌዳው ላይ አርባ አራት ብለው ጽፈዋል።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ የስምምነቱን ወረቀት ሳንፈርም ስለመዘግየታችን። ለዚህ አሥራ አንዳችንም ይቅርታ እንጠይቃለን። በሚያሳዝን አጋጣሚ በመንገዱ ላይ የሚጽፍ ብዕር ጠፍቷል፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እናንተው ባደላችሁት ነጻ እርሳስ ነው። ያለ ፊርማችን ምሰሶ በግቢያችን እንደማይተከል ጸሐፊዎ ስላስረዳችኝ፣ ብዕሩን አጥብቀን መፈለጋችንን እንቀጥላለን። እስከ መስከረም ሳናገኘው አንቀርም።

ለዊልኪን ሙሉ ጤና፣ ለወርዋሪዎቹ ሁሉ ትንሽ መዘናጋት፣ ለትልቁ ሊግ ሰዎች ረጅም እንቅልፍ፣ ለክቡርነትዎም የማንበብ ፋታ እንዲሰጥልን እየተመኘሁ፣ ስለ ደኅንነታችን ላሳዩት ያልተጠየቀ አሳቢነት በመላው የቆዳ ፋብሪካ መንገድ ነዋሪዎች ስም በድጋሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እንደ ድሮው ሁሉ ከሾፌር ወንበሬ በመስታወት ወደ ኋላ እያየሁዎ፣

ሎሬታ ክሩዜክ
ቆዳ ፋብሪካ መንገድ፣ ቁጥር አሥራ አራት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት የፊቱን መስኮት አሮጌ መስታወት በአዲስ ለውጠናል። ሻጩ ወፍራሙን እንድንወስድ ሲመክረን ኤሚል «በሱቅህ ካለው ሁሉ ቀጭኑን ስጠኝ» አለው። ለመክፈቻው ዕለት ከኤሚል ወንበር አጠገብ አንድ ወንበር ለእርስዎ አዘጋጅተናል፤ ዘንድሮ እንኳ ከፊት ይቀመጡ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ኤሚል አሮጌውን ቅሬታውን አንሥቶ በምትኩ የሞላው አዲስ ቅጽ ተያይዟል። የቅሬታው ዓይነት፦ መስኮት። ዝርዝር፦ እስካሁን ደኅና ነው፤ ልጁን ተዉልኝ። አደራዎን፣ በዚህኛው ዝርዝሩንም ያንብቡት።