አምስቱ ዱዳ ጡሩምባዎች

ጥቅምት 5
ሐሙስ። አራት ሰዓት ላይ የእሳት ደወሉን ሞከርኩ። አምስቱም ፎቅ ላይ ጮኸ። የአራተኛው ትንሽ ሻከር ብሏል... አቧራ ነው፤ ጠረግኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም። ደወሉ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ግቢው ይወርዳል። እኔ ሞካሪው ነኝ፤ አልወርድም።

ጥቅምት 9
የሕንጻው ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችኝ። ደወሎቹ ይውረዱ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ ጡሩምባ ይሰቀል፣ ከጎኑም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት...
«መብራት ለምን?»
«ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ጆሮዋ አይሰማም። እሳት ቢነሳ በምን ታውቃለች?»
«ጎረቤት ይነግራታል።»
«ጎረቤት እግሬ አውጪኝ ብሎ ከሮጠስ?»
እውነቷን ነው። እሺ ማለት ደግሞ... «ጡሩምባውን እሰቅላለሁ። መብራት የጭፈራ ቤት ነው፤ አልነካውም» አልኳት። አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። መብራቶቹ ከነካርቶናቸው መጋዘን ገቡ።

ጥቅምት 13
ሳልሞክር የሰቀልኩት ዕቃ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ያወጣሁት ሕግ ነው። አምስቱን ጡሩምባ ቤት ወስጄ፣ ጓሮ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ከባትሪ ጋር አገናኘሁ። ትንፍሽ የለም። ሽቦ ቀየርኩ። ባትሪ ቀየርኩ። ምንም። አምስቱም ዱዳ! የዘንድሮ ዕቃ፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ።
የጎረቤት ውሻ ከሰዓት ሙሉ ሲያላዝን ዋለ። ምን ነካው?
ልጄ ከሥራ ስትገባ ተቆጣች። «አባዬ፣ ስንቴ ደወልኩልህ!» ስልኩ ከጎኔ ነበር። አልጮኸም።

ጥቅምት 16
አምስቱንም ተሸክሜ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። «ቆሻሻ ነው የሸጥከው» አልኩት። አልተከራከረም። አንዱን አንስቶ ባንኮኒው ላይ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ጠበቅኩ። ዝም።
«አየህ?» አልኩ።
ሻጩ ጆሮውን ይዟል። ደንበኞቹም ጆሯቸውን ይዘዋል። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ሮጣ ወጣች።
ሽቦውን ነቀለ። «ኧረ አባቴ፣ ገበያዬን በተኑት እኮ!» ሁሉም ሳቁ።
«ሌሎቹንስ ልሞክርልዎ?»
«ይቅር።»
ተሸክሜ ተመለስኩ።

ጥቅምት 17
የደወሉን ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ። ቀጭኑን አልሰማም። ከመቼ ጀምሮ? የውሻው ነገር አሁን ገባኝ።
ጎረቤት ይነግራታል ብዬ ነበር። እኔንስ ማን ሊነግረኝ ነው?

ጥቅምት 18
ኃላፊዋ ፊት ቆሜ «ጡሩምባው ይሠራል። እኔ ነኝ የማልሰማው» አልኳት። አምስት ፎቅ ደረጃ ከመውጣት ይከብዳል። ከእንግዲህ ሐሙስዎን ለሌላ ይስጡ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።
«ድምፁን እኔ እሰማለሁ፣ ጋሼ። መብራቱን እርስዎ ያዩልኛል?»
የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበልኳት።

ጥቅምት 24
ጡሩምባዎቹ ተሰቅለው አለቁ። ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ገባሁ። መብራቱን ከበሩ በላይ ሰቀልኩ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ። አየችውና ራሷን ነቀነቀች። በጠመኔ ጨርቅ ላይ ጻፈች፦ «ስሰፋ ጀርባዬ ለበሩ ነው።»
ቦታው እዚህ ነው ብዬ በጣቴ አሳየኋት። እሷ እቴ! ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠችኝ። መብራቱን እንደበራ ትቼ አንገቴን ደፋሁ፤ መርፌና ጨርቅ ብቻ። ቀና ብል እንኳ ከፊቴ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው።
የሰቀልኩትን ነቅዬ አላውቅም። ነቀልኩት። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ እሷ በፈለገችው ቦታ ሰቀልኩ።

ኅዳር 3
ሐሙስ። አራት ሰዓት። ኃላፊዋ ከታች የጡሩምባውን ቁልፍ ተጫነች፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ከክፍሏ ወጣች። ፈጣን ናት። ደረጃው ጋ ደርሳ ዞር አለች፤ ቆሜ ስታየኝ ተመልሳ መጣች። እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።
«እኔ ሞካሪው ነኝ። አልወርድም» አልኳት።
ማን ሊሰማኝ? ወረድኩ።