ቢላዋውን ያቆመው መስመር

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

የጨርቅ መቁረጫው ቢላዋ ዛሬም ማቆሚያው ከተጫነ በኋላ ዘግይቶ ቆመ። ከርነል በሚባለው የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ውስጥ ገብቶ ማሽኑን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ስክሪኑ ላይ መልእክት የሚያወጣ አንድ የኮድ መስመር ጨመርኩበት። ቢላዋው ወዲያው መቆም ጀመረ። መስመሩን ሳወጣው እንደገና ዘገየ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። መልሼ አስገባሁትና ተውኩት።

ማሽኑ ላይ የሚሠሩት እትዬ ዘይነባ፣ "ተስተካከለ ወይ ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ማቆሚያውን ተጫኑ። እንደ ልማዳቸው የማሽኑን ዋና መብራት ሳያጠፉ፣ የተጠመጠመውን ክር ሊያወጡ እጃቸውን ከቢላዋው ሥር ሰደዱ። እጃቸው እስኪወጣ የመብራቱን ማጥፊያ ጨብጬ ቆምኩ።

ነገ እኔ ደሴ ነኝ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ማሽኑ ላይ ናቸው።