በአንቱታ የተሰጠ ይቅርታ

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ አሁንም ያስለዋል ወይስ ሲጋራውን ተወልሽ? ያለሽበት ከተማ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰማሁና ያ ስስ ሹራብሽ ትዝ አለኝ። ሌላ ግዢ ብዬሽ ነበር፤ እንዳልገዛሽ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ብሎ መጻፍ ወግ ነውና ወጉን አድርሻለሁ፤ እውነቱን ግን ወገቤን ብትጠይቂው ይሻላል።

በስልክ የሚነገረውን ነገር ለምን በወረቀት እንዳደረግኩት ይገባሻል። በስልክ ገና «እናትሽ» ስል «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ትያለሽ። መስመሩ ደግሞ ያን ጊዜ እንደሚጠራው ጠርቶ አያውቅም። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ቢበዛ ትቦጫጭቂዋለሽ። ከመቦጫጨቅሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ በዚህ ብቻ ተለመኚኝ።

እናትሽ ታመዋል። ክረምቱ ሲወጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ነበር፤ ውሃ ከበራቸው ሥር ሲፈስ አይቶ ያገኛቸው የሕንጻው ዘበኛ ነው። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል አለ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ምላሳቸውም ከብዷል፤ ወደፊት እየባሰበት ይሄዳል ብሏል። ዘበኛው ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አስቁሞ «አንቺ የልጃቸው ጓደኛ አልነበርሽም?» አለኝ። «ነበርሽ» ማለቱ ከነከነኝና «ነኝ እንጂ!» አልኩት። ያኔ አፌን ብይዝ ኖሮ ይኸኔ ወገቤ የራሴ ነበር።

የሄድኩት ለአንድ ቀን ብዬ ነው። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ሰፈር የሚመርቀኝ ደግ ሰው አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ የሰው አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ ስወጣ የምመኘው እግሬን ሰቅዬ መቀመጥ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ጸሎት አለችኝ፤ «ጌታ ሆይ፣ የታመመ ጠይቁ ስትል ምድር ቤት ያሉትን ማለትህ ነው አይደል?» እላለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም እስካሁን እወጣለሁ። ባለቤቴ «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» እያለ ያሾፍብኛል።

«ለእሷ? ከዚያ ሁሉ በኋላ?» ስትይ ከዚህ ይሰማኛል። አዎ፣ ለእሳቸው። ሹፌር አገባች ብለው «ልጅ የለኝም» ላሉት ሴት። ሕፃንሽ የሞተ ቀን፣ ከሁለት መንገድ ወዲያ ቤታቸው ተቀምጠው በራቸውን ላልከፈቱት ሴት። እኔ አልረሳሁም። ያን ቀን ደግፌሽ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከቀብር ስንመለስ በሕንጻው ሥር ስናልፍ ቀና ብለሽ መስኮታቸውን እንዳየሽ፣ መጋረጃው ተዘግቶ እንደነበር አይቻለሁ። ስለዚህ የሄድኩት ወድጃቸው አይደለም። ጌታ የታመመ ጠይቁ አለ እንጂ ደስ እያላችሁ ጠይቁ አላለም። ጠላታችሁን ውደዱ የሚለውንም አውቀዋለሁ፤ እሱ ላይ አልደረስኩም፤ እኔ ገና ሾርባው ላይ ነኝ።

ሾርባው ራሱ መች በቀላሉ ሆነ! በመጀመሪያው ቀን ምሳ ዕቃውን ከፍቼ ሳቀርብላቸው፣ በዚያ በተሳሰረ ምላስ «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ምስጋና መስሎኝ ማንኪያውን አስጠጋሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለካስ ለማኝ የሚሸኙበትን «እግዜር ይስጥሽ» ነው! አራት ፎቅ ሰጪ ሆኜ ወጥቼ ተመጽዋች ሆኜ ወረድኩ። በማግስቱ የመለሰኝ እልህ ነው፤ ጽድቅ ነው ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እሳቸውም በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ረኃቡ አሸነፋቸውና አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲያ መመገብ ብቻ መች ሆነ። ማጠብ አለ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ማገላበጥ አለ፣ አንሶላ መቀየር አለ፤ ከአንሶላ ሸሽቼ አንሶላ ላይ! የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ዘበኛው ተሸክሞ ያወጣልኛል፤ በሩ ላይ አስቀምጦ ሳያመሰግኑት ይሮጣል። አንድ ቀን ጥፍራቸውን ስቆርጥ ያቺን የመሃል ጣት አገኘኋት፤ ያቺን መምህራችን ሳሉ ትምህርት ቤት ሁላችንንም ስትኮረኩም የኖረችውን፣ «እትዬ ኩርኩም» ያሰኘቻቸውን። «ዝንጉ» እያሉ እኔን የቀጠቀጡባት እሷ ናት። ሳሙና ተቀብታ እጄ ላይ ተኝታለች። ደስ ቢለኝ ጥሩ ነበር፤ አላለኝም። ጥፍሯን ቆረጥኩ።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥር «ሚጣ» አሉኝ። ያንቺን የቤት ስም። ዞር ብዬ ሰው የገባ መስሎኝ አየሁ። «ሚጣ፣ ያን ቀን…» ብለው ምላሳቸው ተያዘ። በማግስቱም «ሚጣ» ብለው ጀመሩ፤ ቃሏን ትንሽ ገፋ አድርገው «ያን ቀን በሩ ጋ…» ላይ ቆሙ። እንዲህ አይነት በሽታ ሰውን ከሰው ያምታታል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ተምታታባቸው ብዬ ማበጠሬን ቀጠልኩ። ደግሞስ እሳቸውን ማረም መች ለምደን!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሙሉውን አወጡት። «ሚጣ፣ ያን ቀን ጥቁር ልብሴን ለብሼ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። መክፈት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።» እኔ ቀጥ አድርጌ ጻፍኩልሽ እንጂ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ዕቃ በደረጃ እየጎተቱ ነው ያወጡት። ጥቁሩ ልብስ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አለ። ካፖርቴን ልሰቅል ስል በየቀኑ ወደ ጎን የምገፋው ልብስ ነው፤ የምን ልብስ እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ጠበቁ።

እሷ ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ ብልሽ እዋሽሻለሁ። ደክሞኝ ነበር። የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ ከተዘረጋ እጅ ይከብዳል። ሾርባ እንደምሰጠው፣ ውሃ እንደማቀብለው፣ «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩ። እንባቸው ወረደ፤ የእኔም ወረደ። ደረጃውን ስወርድ ከስንት ጊዜ በኋላ ወገቤ ቀለለኝ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ መንገድ ላይ ወጥቼ፣ አንቺ ቀና ብለሽ ያየሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ነው። የሰጠሁት የራሴን አልነበረም።

ሥራ ላይ ሆኜ አንሶላ አቃጠልኩ፤ ስንት ዓመት ሳላቃጥል የኖርኩት። በመጨረሻ ሄጄ ለቄሱ ነገርኳቸው። ደግ አደረግሽ ይሉኛል ብዬ ትንሽ ተስፋ ነበረኝ፤ አልክድሽም። እሳቸው ግን ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ልግስና ከራስ ነው፤ ከሰው ኪስ አውጥቶ መስጠት ሌላ ስም አለው» አሉኝ። ስሙን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ታዲያ ምን ይሻለኛል ስላቸው ለባለቤቱ መልሺ አሉኝ። የተጠጣ ሾርባ ይመለሳል እንዴ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ገብቼ ገና ሳልቀመጥ አፈረጥኩት። «እትዬ፣ እኔ ሚጣ አይደለሁም። ዝንጉዋ ነኝ። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አታውቅም» አልኳቸው። ይሰበራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው በዚያ በሚታዘዝላቸው ግማሽ ፊት ፈገግ አሉ። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ልጄ አንቱ ብላኝ አታውቅም» አሉኝ።

አየሽልኝ ዝንጉነቴን! የሰው ይቅርታ ስሰርቅ እንኳ በአንቱታ ሰረቅኩት። አንቺ በሩን ሲዘጉብሽም «እማ፣ ክፈቺልኝ» ነበር ያልሻቸው። እኔ ግን እሳቸውን በሕልሜም አንቺ ልል አልደፍርም። ከመጀመሪያውም አልተምታታባቸውም ነበር። «ልጄ በረኪና አትሸትም» ብለው ጨመሩልኝ ደግሞ። ታዲያ ሚጣ የሚሉኝ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ መልሱን ፍለጋ ብዙ ደከሙ። ሲያገኙት አንድ ቃል ናት፤ «ልምምድ» አሉ።

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽን አንቺም እኔም እናውቃቸዋለን፤ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሰሌዳ ላይ ተሳስተው ሲጽፉ እንኳ «ነቅታችሁ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ይሉን አልነበር? አሁን ሊሉት ሲፈልጉ ምላሳቸው ከዳቸው። ስለዚህ እኔን አንቺ አድርገው ያጠናሉ፤ በቃሉ እንደሚወጣው ተማሪ። ያን እሑድ ያለቀሱትም እኔ ይቅር ስላልኳቸው አልነበረም፤ ሙሉው ሳይቆረጥ ስለወጣላቸው ነው። የእኔን «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልወሰዱትም። ያንቺ ነገር እንዳለ አለ፤ አልተነካም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሚጣ እሆናለሁ። ሾርባው ያልቃል፣ ፀጉሩ ይበጠራል፣ ከዚያ እንቀመጣለን። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እሰማለሁ፤ መልስ ግን አልሰጥም። እስካሁን ከሰጠሁት ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ደረጃውን ለምጄዋለሁ፣ ማገላበጡንም ለምጄዋለሁ። የሌላ ሰው ይቅርታ በየቀኑ በእኔ ጆሮ ሲወርድ መሸከም ግን አልቻልኩበትም። ቄሱ ታገሺ አሉኝ። እየታገስኩ ነው፤ ግን እህቴ፣ ደክሞኛል። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ሲያናግረኝ እንኳ የምሰማው እሳቸውን ነው።

ይቅር በያቸው አልልሽም። ያን መጋረጃ አይቼ እንዲያ የምልበት አፍ የለኝም። ብትመጪና ሰምተሻቸው «አልልም» ብለሽ ብትመለሺ፣ ሻንጣሽን መናኸሪያ ድረስ የምሸከምልሽ እኔ ነኝ፤ አንድ ቃል አልናገርሽም። ብቻ ንግግሩ ያንቺ ነው። እኔ ላይ እያለቀ ነው።

እያለቀ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም። ሐኪሙ ያለው እየደረሰ ነው። መጀመሪያ ጥቁር ልብሱ ጠፋባቸው። ቀጥሎ በሩ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት «ይቅር» ላይ ይደርሱና ቀሪውን ሲፈልጉ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ትናንት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ያለ የሌለ ኃይላቸውን ሰብስበው አንድ ቃል ብቻ አወጡ። የልጅሽን ስም ነው። ሲወለድም ሲቀበርም ከአፋቸው ያልወጣውን፣ የሚያውቁትም የማይመስለኝን ስም። አንዲት ፊደል ሳይስቱ ጠሩት። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ትክክል መሆኑን እንድነግራቸው ጠበቁኝ። ትክክል ነው አልኳቸው።

የቤቱ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው። ማን ነሽ ቢልሽ ልጃቸው ነኝ በይው፤ ያስገባሻል።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለባለቤትሽም ደረቱን ይጠግንለት። ከክፉ ይሰውርሽ፤ የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ። ሹራብ ግዢ።

የማትረሳሽ
አብሮ አደግሽ

መልሱን በደብዳቤ አትላኪልኝ፤ ደብዳቤ ይዘገያል።